ደሴን በሌጎ ስሠራ ዳገቱ አስቸገረኝ፤ እናንተስ እንዴት አደረጋችሁት?

ጦሳ ሥር | ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ስምንት ወር የለፋሁበትን ሥራ ፎቶ አያይዣለሁ። በሌጎ ጡብ የሠራሁት የደሴ መንገድ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ጥግ ነው የተነሳሁት። ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። ጎኑ ቆርቆሮ ክዳን ያላት ሻይ ቤት አለች። ፊት ለፊት ሁለት ባጃጅና አንድ አባዱላ ቆመዋል። መመሪያ የለውም፤ ከሳጥን የወጣም አይደለም። የራስ ፈጠራ ነው፣ በውጭዎቹ አጠራር ሞክ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። እንዳለቀ ለእናቴ አሳየኋት። ዞር ዞር ብላ አየችውና «ቆንጆ ነው ልጄ፤ የት አገር ነው?» አለችኝ። እኔ ደሴ ብዬ ነው የሠራሁት። ሳስበው አደርኩ። ቤቱ ልክ ነው። ባጃጆቹም ሰማያዊና ነጭ ናቸው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ነገሩ ገባኝ። ከቤቴ ደጅ እስከ አስፋልቱ ድረስ አንድም ሜዳ አልረገጥኩም። የሠራሁት ከተማ ግን እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው።

ደሴ ያለ ዳገት ደሴ አትሆንም። ችግሩ፣ የሌጎ ሰሌዳ ሜዳ ነው። ስስ ጡብ (ፕሌት) እየደራረብኩ ከፍ ላደርገው ስሞክር መንገዱ ደረጃ ይሆንብኛል፤ ባጃጅም አይቆምበትም። መንገድ ያገኘ ካለ ይንገረኝ። የባጃጇ የፊት ጎማም ትንሽ ወደ ግራ ትላለች፤ እሷንም እዩልኝ። ቆርቆሮውም ቆርቆሮ አልመስል ብሎኛል።

ሰኞ ገበያ | ቅዳሜ ማታ

ወላሂ የሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ ያለችውን ቢጫ ጄሪካን ሳይ ልቤ ተነካ። በምን ሠራሃት?

ጦሳ ሥር | ቅዳሜ ማታ

አንድ በአንድ የሆነች ቢጫ ጡብ ናት። ላይዋ ላይ ከሌጎ ሰው እቃዎች የወሰድኳትን ትንሽ እጀታ ሰካሁባት። ሁለት ቁራጭ ብቻ ናት።

መሠረት 32 | እሑድ ጠዋት

ጦሳ ሥር፣ እናትህ ትክክል ናቸው። ሥራህ ግን ጥሩ ነው፤ አብሽር፣ ይስተካከላል። ሙያዬ ግንባታ ስለሆነ በቁጥር ልሂድበት።

ፕሌት የምንላት ስሷ ጡብ ቁመቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱ ሲደራረቡ አንድ ሙሉ ጡብ፣ ማለትም 9.6 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ጡቡ ላይ ካሉት መሰኪያ ጉብታዎች ከአንዱ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 32 በ32 ጉብታ የሆነው ሰሌዳህ ጎኑ 25.6 ሴንቲ ሜትር ነው። 10 በመቶ ዳገት ከፈለግህ ከዳር እስከ ዳር 2.56 ሴንቲ ሜትር መነሳት አለበት። ያ ደግሞ ልክ ስምንት ፕሌት ነው። ቁጥሩ እንዲህ ሲገጥም ሳየው ደስ አለኝ።

አሁን ዋናው ነገር። መንገዱን እንደ ድልድይ ለብቻው ሥራው። ረጃጅም ፕሌቶችን አያይዝና ላያቸውን ጉብታ በሌለው ታይል አልብሳቸው። አንድ ወጥ ሰሌዳ ይሁን። የታችኛውን ጫፍ በማጠፊያ ያዘው። የላይኛውን ስምንት ፕሌት ከፍታ ባለው ድጋፍ ላይ አሳርፈው። ያዘነበለው መንገድ ከሜዳው ርቀት በጥቂቱ ስለሚረዝም ጫፉ ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ይቀርሃል። ለዓይን አይታይም።

ቤቶቹ ግን ከመንገዱ ጋር እንዳይዘነብሉ። ቤት በውሃ ልክ ነው የሚቆመው። መንገዱ ብቻ ይዘንብል፤ እያንዳንዱ ቤት በራሱ መሠረት ላይ ቀጥ ይበል።

ቧንቧ ውሃ | እሑድ ጠዋት

መሠረት 32 ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ደሴ ተወልጄ ነው ያደግኩት።

ወንድሜ፣ ስልክህን ይዘህ ውጣና የቤቶቹን መሠረት ብቻ እያየህ አንድ ሰዓት ተዘዋወር። በር፣ መስኮት፣ ክዳን አትይ። በላይ በኩል በሩ ከመንገዱ ጋር እኩል ነው። በታች በኩል ግን የድንጋዩ መሠረት ወገብ ድረስ ይመጣል። ያደግኩበት ቤት ከፊት በአንድ እርምጃ ይገባ ነበር። በጓሮ ግን ሰባት ደረጃ ነበረው። ደረጃው የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ሦስተኛዋ ትነቃነቅ ስለነበር ሁላችንም ሳናያት እንዘላት ነበር። ከደረጃው ሥር ከሰል ይቀመጣል፤ ዶሮዎቹም እዚያው ያድራሉ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከታች ያለው መንገድ አይታይም፤ ቤታችን አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስለኝ ነበር።

ደሴ ያለችው እዚያ መሠረት ላይ ነው። እናትህ ያን መሠረት ቢያዩ ኖሮ አይጠይቁህም ነበር። ፈዛዛና ጥቁር ግራጫ ጡብ ቀላቅል። አንዳንዷን ጎኗ ሸካራ በሆነችው ጡብ ተካት። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ብሎኬት ይመስልብሃል።

መሠረት 32 | እሑድ ጠዋት

እህቴ፣ ወገብ ያልሽውን አሰላሁት። የሌጎ ሰው ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ እኛን በ42 እንዳካፈሉን ውሰጂው። ያ ሰሌዳ በእውነተኛው ዓለም 10.75 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ10 በመቶ ዳገት ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ከጥቂት ነው። ልክ ወገብ! ትዝታሽ ከሒሳቡ ጋር ገጠመ።

የአሰብ መንገድ | እሑድ ከሰዓት

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ ወይ። ከኮምቦልቻ ነኝ። ዕድሜዬ ከእናንተ ይርቃል። በረዳትነት ጀምሬ ሾፌር ሆኜ ኖሬ አሁን አርፌያለሁ። ጡቡን ያስያዘኝ የልጅ ልጄ ነው። አሁን እሱ ትቶታል፤ እኔ ቀጥያለሁ።

ስለ መኪና ልናገር፤ ቤት አላውቅም። በመሠረት 32 ስሌት አንድ ጉብታ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጅ ወርዷ 1.3 ሜትር ነው፤ አራት ጉብታ። ርዝመቷ ከ2.6 ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ስምንት ጉብታ። ጦሳ ሥር፣ ያንተን ቆጠርኳት፤ ስድስት ወርድ ናት። ለዚህ ነው ከአባዱላው እኩል የሆነችብህ። ወደ አራት አውርዳት። አባዱላ 1.7 ሜትር ስለሆነ አምስት ጉብታ ይበቃዋል።

የፊት ጎማዋ ወደ ግራ ያለችው ስድስትም ሆነ አራት ጉብታ መሐል ስለሌለው ነው። መሐሉ በሁለት ጉብታ መካከል ይወድቃል። አንድ በሁለት ሆና መሐሏ ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ያላት ፕሌት አለች፤ ጃምፐር ይሏታል። የፊቱን ሹካ እሷ ላይ ስቀለው፤ ቀጥ ይላል።

የእኔ ሥራ ኤንትሬ ነው። ፊያት 682፣ እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት የጀመረው። ከአሰብ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባው ጭነት በእሱ ጫንቃ ላይ ነበር። ተሳቢ አስከትሎ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ድምፁን ከሩቅ እንለየው ነበር። ማን እንደሚነዳው ጭምር። ወርዱን ሰባት ጉብታ አደረግኩት። ፊቱ ክብ ስለሆነ ጡብ ወደ ላይ ብቻ በመደርደር አልመጣልኝም። ጎናቸው ላይ ጉብታ ያላቸውን ጡቦች አስገብቼ ፊቱን ከጎን ለጠፍኩት። እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ያዙ፦ አምስት ፕሌት ሲደራረብ ቁመቱ ከሁለት ጉብታ ወርድ ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም 16 ሚሊ ሜትር። ይህን እስካውቅ ድረስ ፊቱ አንድም ቀን በልኩ አልገባልኝም። ካወቅኩ በኋላ በሁለት ማታ ጨረስኩት።

መሪውን በቀኝ ነው ያደረግኩት፤ እንደዚያ ነበርና። ሌጎው ሾፌር ክንዱን በመስኮት አውጥቷል።

ጦሳ ሥር | እሑድ ማታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባጃጇን አሁኑኑ ፈታኋት። በአራት ወርድ ስሠራት ከኋላ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚገባው። የእኛ ባጃጅ ግን ከኋላ ሦስት ነው የምትጭነው። ምን ይሻላል?

የአሰብ መንገድ | እሑድ ማታ

የሌጎ ሰው ትከሻው ሰፊ ነው፤ ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም። ሁለቱን አስቀምጥ። ሦስተኛውን ከሾፌሩ ጎን አድርገው፤ እሱም ያለ ነገር ነው።

ፒያሳ 07 | ሰኞ ጠዋት

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ እኔ ግን አልስማማም። ሰው እንዲህ ከሚደክም ዝግጁ የሆኑትን የከተማ ቤቶች ገዝቶ ቀለማቸውን መቀየር አይቀለውም? ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ ትልቅ ቤት ያወጣል። ሁሉም በአንድ ልክ ናቸው፤ ጎን ለጎን ይያያዛሉ። ውስጣቸውም የተሟላ ነው።

ቧንቧ ውሃ | ሰኞ ጠዋት

ፒያሳ 07፣ እነዚያን ቤቶች እኔም እወዳቸዋለሁ። ከእነሱ ብዙ ተምሬአለሁ፤ መስኮት ማውጣት፣ ጥግ ማዞር፣ ፎቅን ለብቻ እንዲነሳ አድርጎ መሥራት። ግን የሌላ አገር ጎዳና ናቸው። ቀለሙን ብትቀይረው ክዳኑ ያው ነው። በረንዳው ላይ በርበሬ አይሰጣም። የእኔ ተማሪዎች ያን ቤት ሲያዩ «ፊልም ላይ ያለ ቤት» ነው የሚሉት። የጦሳ ሥርን ፎቶ ዛሬ ክፍል ውስጥ አሳየኋቸው። አንዷ ተነስታ «ይሄ የአክስቴ ሱቅ ነው» አለች። አልነበረም። ግን እንዲያ ማለቷ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ፒያሳ 07 | ሰኞ ከሰዓት

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነሽ።

ርቄ ያለሁ | ሰኞ ማታ

ከአገር ከወጣሁ 14 ዓመቴ ነው። እዚህ የምኖርበት ከተማ ሜዳ ነው፤ እግሬ ዳገት ረስቷል። የመሠረቱን ነገር ሳነብ ጉልበቴ ድረስ ተሰማኝ።

እዚህ ያገለገለ ጡብ በኪሎ ይሸጣል። ክረምት ላይ ስመጣ ግራጫ፣ ጥቁር ቀይና ቡናማ ለይቼ ይዤ እመጣለሁ። የሻንጣዬ ግማሽ የእናንተ ነው። የሚያስፈልጋችሁን ጻፉልኝ።

ሰኞ ገበያ | ሰኞ ማታ

አላህ ይስጥልን። እስከዚያው ግን እኔ የምገዛበትን መንገድ ልናገር። ያገለገሉ አሻንጉሊቶች የሚሸጡበት ቦታ ሁሉ በከረጢት የተቀላቀለ ጡብ ይወጣል። ለይቶ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋናው መለያ ጉብታው ነው። እያንዳንዷ ጉብታ ላይ በጣም ትንሽ ሆኖ የኩባንያው ስም ተቀርጾበታል። ከሌለበት የሌላ ሠሪ ነው።

ያልተቀረጸበትንም ግን አልጥለውም። ዴንማርካዊው ኩባንያ የጡቡን መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በጥር 28 ቀን 1958 ነው። የመብቱ ዘመን ስላለፈ ሌሎችም በዚያው ልክ ይሠራሉ። አንዳንዱ በደንብ ይይዛል፤ አንዳንዱ ይላላል። የላላውን መሠረት ውስጥ፣ የማይታይበት ቦታ እከተዋለሁ። የ1958ቱ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር እንደሚገጥም ስታስቡት አይገርማችሁም?

ከገበያ የመጣውን ከመሥራታችሁ በፊት እጠቡት። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዳይበልጥ፤ ሙቅ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል። እኔ አንድ ሙሉ ሳፋ ነጭ ጡብ የፈላ ውሃ ደፍቼበት አበላሽቻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። ፀሐይ ላይም አታስጡት፤ ነጩ ቢጫ ይሆንባችኋል።

አዲስ ጀማሪ | ማክሰኞ ጠዋት

ይቅርታ፣ ጡብ ለሌለው ሰው መላ አለ? ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፎቶውን አይታ እንሥራ ብላ ይዛኛለች። ቤታችን ያለው አንድ እፍኝ ብቻ ነው።

መሠረት 32 | ማክሰኞ ጠዋት

አለ። ስቱዲዮ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ ብሪክሊንክ የሚባለው የጡብ የኢንተርኔት ገበያ ነው ያወጣው፣ በነፃ ይወርዳል። በውስጡ የፈለግሽውን ያህል ጡብ፣ በፈለግሽው ቀለም ታገኛለሽ። ሠርተሽ ስትጨርሺ ስንት ቁራጭ እንደሚያስፈልግ ቆጥሮ ይነግርሻል። ደረጃ በደረጃ መመሪያም ያወጣል። እኔ ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ እዚያ ነው የምሠራው።

በእፍኙም ግን ጀምሩ። ሁለት በአራት የሆኑ ስድስት ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ ይገጣጠማሉ። ባጃጅ ለመሥራት እፍኝ በቂ ነው።

አዲስ ጀማሪ | ማክሰኞ ጠዋት

አመሰግናለሁ። አባት ነኝ፣ «አንተ» በለኝ። ማታ ባጃጅ እንጀምራለን።

ፒያሳ 07 | ማክሰኞ ከሰዓት

ስለ ቆርቆሮው ማንም አልመለሰም። እኔ አንድ ነገር አለኝ። አንድ በሁለት ሆና ላይዋ እንደ ወንፊት መስመር መስመር ያላት ታይል አለች፤ ግሪል ይሏታል። የመኪና ፊት ላይ ነው የሚያደርጓት። ክዳኑን በሙሉ በእሷ ሸፍነው። መስመሩ ከጉልላቱ ወደ አሸንዳው እንዲወርድ አድርገህ ግጠማት፤ ውሃው የሚሄደው በዚያ ነውና። ጎን ለጎን ከሄደ ማንም ቆርቆሮ አይለውም።

ሁሉንም ግራጫ አታድርገው። ከደሴ ክረምት የተረፈ ቆርቆሮ ዝገት አለው። ጥቂት ቡናማ፣ ጥቂት ጥቁር ብርቱካናማ ጣል አድርግበት። በተለይ ከዳሩ አካባቢ። ነፋስ እንዳያነሳው የሚጫን ድንጋይም አትርሳ፤ ክብ ግራጫ ቁራጭ ይሆናል።

ጦሳ ሥር | ማክሰኞ ማታ

ድንጋዩን እንዴት እንደረሳሁት! የገዛ ቤታችን ክዳን ላይ አራት ድንጋይ አለ።

ርቄ ያለሁ | ረቡዕ ጠዋት

አንድ ሐሳብ ላንሳ። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰሌዳ ብንሠራስ? ክረምት ስመጣ አንድ ላይ እንግጠማቸው።

መሠረት 32 | ረቡዕ ጠዋት

ግሩም ነው። ግን ከአሁኑ እንስማማ፤ አለበለዚያ ሰሌዳዎቹ አይገናኙም። የሁሉም መንገድ ወርድ እኩል ይሁን፤ 12 ጉብታ። የእያንዳንዱ ሰሌዳ የታችኛው ዳር ከጎረቤቱ የላይኛው ዳር ጋር በቁመት ይግጠም። የመጀመሪያው ከዜሮ ተነስቶ 8 ፕሌት ላይ ያልቃል። ሁለተኛው ከ8 ተነስቶ 16 ላይ። አራት ሰሌዳ ከሆንን መጨረሻው 32 ፕሌት፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በላይ ከፍ ይላል። የታችኛውን ጦሳ ሥር ይያዝ። ቧንቧ ውሃ ሁለተኛውን፣ ጓሮው ሰባት ደረጃ ያለውን። ሦስተኛው የፒያሳ 07፣ አራተኛው የእኔ። ሰኞ ገበያ ጡብ ለቀማው ላይ ይርዳን።

ሰኞ ገበያ | ረቡዕ ከሰዓት

እሺ። ከላይኛው ሰሌዳ ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ቀን አይጠየፍን እናስቀምጥ። የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ ሳናስገባ ደሴን ሠራን ማለት ይከብደኛል።

ቧንቧ ውሃ | ረቡዕ ከሰዓት

እስማማለሁ፤ ግን ለእሱ አንቸኩል። ስሙ ራሱ ማንንም አይጠየፍም፣ ሁሉም ገብቶ ይበላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት በግምት አይሠራም። ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ በእርምጃ እንለካዋለን፤ መስኮቶቹንም እንቆጥራለን። ቁጥሩን እዚህ አመጣለሁ።

የአሰብ መንገድ | ረቡዕ ማታ

እኛ ኮምቦልቻዎች ሜዳ ላይ ስለሆንን የዳገቱ ጣጣ የለብንም። የእኔን ሰሌዳ በጋሪና በኤንትሬ እሞላዋለሁ። ግን ሁለቱን ከተሞች ማገናኘት አምሮኝ ነበር። መሠረት 32፣ ሐረጎን ብንሠራ ምን ያህል ይሆናል?

መሠረት 32 | ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ነው። ለ42 ሲካፈል 14 ሜትር ይመጣል። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያህል። ደሴን ጣሪያ ላይ፣ ኮምቦልቻን መሬት ላይ ማስቀመጥ ሊኖርብን ነው።

የአሰብ መንገድ | ረቡዕ ማታ

አንዷን መታጠፊያ ብቻ እሠራታለሁ። የትኛዋን እንደሆነ አውቃለሁ።

ጦሳ ሥር | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

አዲስ ፎቶ አያይዣለሁ። መንገዱ ስምንት ፕሌት ተነሳ። የሱቁ መሠረት በታች በኩል ሁለት ጡብ ተኩል ወጣ፤ ሦስት ደረጃም አበጀሁለት። ቆርቆሮው ዝጓል፤ አራቱ ድንጋዮችም ቦታቸውን ይዘዋል። ባጃጇ አራት ወርድ ሆናለች፤ የፊት ጎማዋ መሐል ላይ ናት።

ለእናቴ ምንም ሳልናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቡና እያቀራረበች ነበር። ረከቦቱን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ደረጃውን በጣቷ ነካችው። «እዚህ ጋ አንሸራቶሽ ወድቀሽ ነበር ብለህ ለእህትህ ንገራት» አለችኝ። እውነት ነው፤ እህቴ እንዲህ ዓይነት ደረጃ ላይ ነው ክንዷን የተሰበረችው።

አንድ ችግር ብቻ ቀረኝ። ታይሉ ለስላሳ ስለሆነ ባጃጇ አትቆምም። እጄን ስለቅ ተንከባልላ ወደ ታች ትወርዳለች። በማጣበቂያ መያዝ አልፈልግም።

የአሰብ መንገድ | እሑድ

ታኮ አድርግላት እንጂ ልጄ። ረዳት ሳለሁ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነበር፤ መኪናው ሳይቆም ድንጋይ ይዞ መዝለል። አንድ በአንድ ግራጫ ቁራጭ ከኋላ ጎማዋ ሥር አስገባ።

ጦሳ ሥር | እሑድ

አስገባሁ። ቆመች።